በሐጂ ሱቅ የተሰቀለው ቀይ ቁራ

መምህሩ ቀይ ቀለም ሊለምነኝ የመጣ ዕለት፣ ተልኮብኝ ነው ብዬ ነበር ያሰብኩት።

በዚያን ዘመን ጎባ ውስጥ የቀበሌያችን መፈክር ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራው ደመወዝ የለውም፤ ግን ከብዙ ነገር ያስጥላል። ከጥበቃ ተራ ያስጥላል፤ ከመንገድ ጠረጋ ያስጥላል፤ ለዘመቻ ሰው ሲፈለግ ሊቀ መንበሩ «እሱን ተዉት፣ ይጽፍልናል» ይላል። ቀን ቀን ከአዳራሹ ጓሮ ባለችው ዕቃ ቤት ሆኜ፣ ነጭ በተቀባ ቆርቆሮ ላይ የታዘዝኩትን በቀይ ዘይት ቀለም እጽፋለሁ። በተረፈኝ ጊዜ ግጥም እጽፋለሁ። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። ከንባብ ቤቱ መደርደሪያ ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ፣ የወደድኩትን እየገለበጥኩ፣ በጠላሁት እየተናደድኩ ነው የተማርኩት። በስብሰባ የሚነበቡ ግጥሞች ነበሩኝ። በስብሰባ የማይነበቡም ነበሩኝ፤ እነሱን የት እንዳስቀመጥኳቸው እናቴም አታውቅም።

ከኔ በፊት መፈክር ይጽፍ የነበረው ልጅ ለአጭር ጥያቄ ተጠርቶ እንደሄደ አልተመለሰም። ብሩሹን የወረስኩት እኔ ነኝ። የብሩሹ ፀጉር ገና አልሳሳም ነበር።

ያን ጊዜ ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ነገር ሆነ። አንድ ማለዳ በእህል መጋዘኑ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ነገር ተገኘ። ምን እንደሚል የሚናገር ሰው አልነበረም። ማንበቡ ራሱ ስለሚያስጠይቅ ማንም አላነበበውም፤ ኖራ የቀቡበት ጥበቃዎች እንኳ ፊታቸውን አዙረው ነበር የቀቡት ይባላል። ከዚያ ወዲህ ቀዩ ጣሳ በቁልፍ ሆነ። ጠዋት ሊቀ መንበሩ ራሱ ከፍቶ ያወጣልኛል። ማታ ሲመጣ፣ ሹፌሮች ነዳጅ እንደሚለኩት፣ ጣሳው ውስጥ እንጨት ይነክርና ቀለሙ የደረሰበትን በቢላዋ ጫፍ ይጭርበታል። ከዚያ እንጨቱን በወረቀት ጠቅልሎ ይዞት ይሄዳል።

መምህሩ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የሥዕል መምህር መሆኑን ከተማው ያውቃል። ከአዲስ አበባ ጠይቆ፣ በገዛ ፈቃዱ ተዛውሮ መምጣቱንም ያውቃል። ጎባ በምደባ የሚመጣ ሠራተኛ ሞልቷል፤ ለምኖ የመጣ ግን አይተን አናውቅም። ስለዚህ ሰው ሰላም ብሎት ያልፋል እንጂ አጠገቡ አይቆምም። ረጅም ነው፤ የለበሰው ካፖርት ለሌላ ሰው የተሰፋ ይመስላል።

«ከቀዩ ትንሽ ትርፍ ይኖርህ ይሆን?» አለኝ በር ላይ ቆሞ።

ብሩሼን አስቀመጥኩ። «ለምን ፈለጉት?»

«ለወፍ።»

«ለምን?»

«ለወፍ። ቁራ ልሠራ ነው።»

«ቁራ ጥቁር አይደለም እንዴ?»

«ጥቁር መሆኑንማ አውቃለሁ» አለ።

«ቀዩን ሊቀ መንበሩ ነው የሚያዝበት፤ እሱን ይጠይቁ።» ጣሳው ከእግሬ አጠገብ ክፍት ተቀምጧል። አይቶታል፤ ማየቱንም አይቻለሁ።

«ሊቀ መንበሩን የሚያስጠይቅ ከሆነ ይቅር» አለና ሄደ።

ይቺ «ይቅር» እንቅልፍ ነሳችኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ተረት የዘመኑ መተዳደሪያ ነበርና፣ ነገሩን ከሦስት በኩል ገመገምኩት። አንደኛ፣ ሊቀ መንበሩ ሊፈትነኝ ልኮት ይሆናል፤ ብሰጠው ኖሮ አልቆልኝ ነበር። ሁለተኛ፣ ግድግዳው ላይ የሚጽፈው እሱ ይሆናል፤ ያም ቢሆን አልቆልኝ ነበር። ሦስተኛ፣ እንዳለው ለወፍ ይሆናል። በሦስተኛው ብዙ አልቆየሁበትም።

ማወቅ ነበረብኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ቤቱ ሄድኩ። ሲያነጋግረኝ የምሰጠው ምክንያት አዘጋጅቼ ነበር፤ ለአብዮት በዓል ሰሌዳ የርግብ ሥዕል ይሥሩልን የሚል። የሚኖረው ወደ ቶጎና ወንዝ በሚወርደው መንገድ፣ ከአንድ ግቢ ጀርባ ባለች ክፍል ነው። ስገባ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጣውላ መገልበጥ ነበር። ፊቱን ወደ ታች፣ ጀርባውን ወደኔ። እኔም ይህን ያዝኩበት።

ከዚያ ቀና ስል ወፎቹን አየሁ።

ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረ ሲባጎ ላይ፣ የተሰነጠቀ ጭራሮ እንደ መቆንጠጫ ይዟቸው፣ ተሰቅለው ይደርቃሉ። እንዲህ ያለ የወፍ ሥዕል አይቼ አላውቅም። እኔ የማውቀው የወፍ ሥዕል የመማሪያ መጽሐፍ ላይ ያለው ነው፤ ላባው አንድ በአንድ የተሣለ፣ እግሩ ጥፍር ያለው፣ ከሥሩ ስሙ የተጻፈ። የእሱ ወፎች ላባ የላቸውም። እግር ያላቸውም ጥቂቶች ናቸው። ዝዩ ሁለት ቅርጽ ብቻ ነው፤ አንድ ትልቅ አረንጓዴ ሆድ፣ በላዩ አንድ ብርቱካንማ ክንፍ። ቆቋ ከወይን ጠጅ ቀለም የተቆረጠች ግማሽ ክብ ናት፤ ያቺን ግማሽ ክብ ግን ዲንሾ ገብስ ማሳ ውስጥ ስትሮጥ አይቻታለሁ። ጭልፊቱ አንድ ቢጫ መስመር ነው። መስመሩ በአንድ በኩል ትንሽ ጎበጥ ይላል፤ በቃ። የቀረው የወረቀቱ ነጭ ነው። ነጩ ከወፉ ይበዛል።

አንዳቸውም ዓይን አልነበራቸውም።

«ዓይናቸውን መጨረሻ ላይ ነው የሚሠሩት?» አልኩት።

«አልሠራውም።»

«ለምን?»

«ዓይን ካለው ሰው ዓይኑን ነው የሚያየው። ወፉን ትቶ ዓይኑን ሲያይ ይውላል» አለ። ከዚያ ጥቂት አሰብ አድርጎ፣ «ደግሞ በዚህ ከተማ የሚያየኝ አላነሰኝም» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ።

ይህን ለምን ለኔ፣ ለቀበሌው ሰው ይነግረኛል? እንድመልስለት ይሆን?   እሱ ግን ሻይ ላፍላ ብሎ ተነሣ።

አሠራሩን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አንገቱ ከሚባለው ጫካ በኩል የሚመጣ የዋንዛ ጣውላ ላይ ወፉን ይቀርጻል። የሚቀርጽበት መሣሪያ ከጃንጥላ ዘንግ የተሳለ ነው። ከዚያ የገብስ ዱቄት በውሃ ያፈላና ቀጠን ያለ ሙጫ ያወጣል፤ ቀለሙን በሙጫው በጥብጦ ጣውላው ላይ ይቀባል። ወረቀቱን ያለብስበትና በሾርባ ማንኪያ ጀርባ ያሸዋል፤ ያሸዋል፤ ያሸዋል። ሲገልጠው ወፉ ወረቀቱ ላይ አለ። ክፍሉ የከረመ አጥሚት ይሸታል።

«ቀዩንስ ከየት አገኙት?» አልኩት፣ እንደ ቀልድ።

አሮጌ ጨርቅ ፈትቶ አሳየኝ። የሰፌድና የሙዳይ መስፊያ አክርማ የሚነከርበት፣ ሴቶች ከገበያ በቁንጥር የሚገዙት ዱቄት ቀለም ነው። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ፣ ብርቱካን። «ሮቤ አንድ ሐጂ አሉ። እሳቸው ናቸው የሰጡኝ። መጀመሪያ ወንድ ልጅ የስፌት ቀለም ምን ያደርግለታል ብለው ሳቁብኝ። ወፎቹን ሳሳያቸው ግን አንዱን ይዘው አስቀሩ።»

ያ የወፎቹ ድምቀት የመጣው ከዚያ ነበር። በእናቴ መሶብ ላይ የማየው ቀይ ነው። እንዴት አላወቅኩትም? መሶብ ላይ ሲሆን ጌጥ ስለሆነ አላየሁትም፤ በነጭ ወረቀት መሀል ብቻውን ሲቆም ግን ዓይን ይወጋል።

ስለ ግጥሞቼ ሰምቶ ኖሮ፣ አንዱን በቃሌ እንድልለት ጠየቀኝ። በስብሰባ ከሚነበቡት አንዱን አልኩለት። ረጅም ነው፤ ተራራ አለበት፣ ጎህ አለበት፣ ክንድ አለበት፣ ችቦ አለበት። ሲያዳምጥ ማንኪያውን አላቆመም። ስጨርስ፣ «በአንድ ግጥም ይህን ሁሉ ዕቃ የጫንክበት ለምንድን ነው?» አለኝ። ተናደድኩ። ቤቴ ስደርስ ግን አንዱን፣ በስብሰባ የማይነበበውን፣ አውጥቼ ቃል በቃል ስቆርጥ አመሸሁ። ከገጹ ሙሉ አራት ስንኝ ቀረ። አራቱ ከሙሉው የበለጠ አስፈሩኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ሄድኩ። ጥርጣሬው አለቀቀኝም፤ እንዲያውም ወፎቹን ስወድ ባሰብኝ። የሚወዱትን ነገር የሠራ ሰው ሰላይ ሲሆን ይከፋልና። እሱም ባየኝ ቁጥር ያቺን ጣውላ ከመገልበጥ አልቦዘነም። አንድ ቀን፣ «እኔ ስመጣ የሚደብቁት ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ያላለቀ ነገር ማሳየት አልወድም» አለኝ። ሊሆን ይችላል። እኔም ያላለቀ ግጥም አላሳይም። ግን እኔ የማላሳየው ያለቀም ነበረኝ።

በዓሉ ሲቃረብ የእህል መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ሁለተኛ ጽሑፍ ተገኘ። ኖራው ገና ሳይደርቅ ሊቀ መንበሩ ዕቃ ቤቱን ከፍቶ እንጨቱን ጣሳው ውስጥ ነከረ። አወጣው። ከጫረበት ጋር አስተያየው። አፍንጫውን አስጠግቶ ደግሞ አየው።

«ጎድሏል» አለ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ቀለም ይደርቃል እኮ።»

«ቀለም ከላይ ነው የሚደርቀው።»

«ሲደርቅስ አይወርድም?»

«አንተ ለቃል መልስ አታጣም» አለኝ። የተናገረው በቁጣ አልነበረም። ብሩሹን ያወረሰኝ ልጅ ላይም በቁጣ ተናግሮ አያውቅም።

በማግሥቱ ሊቀ መንበሩ ለስብሰባ ሮቤ ደርሶ ሲመለስ ፊቱ ተለዋውጧል። አዳራሹ ውስጥ አስቆመኝና፣ «ሮቤ አንድ ሱቅ ውስጥ ቀይ ወፍ ተሰቅሏል። ይህን ያህላል» ብሎ እጁን ዘረጋ። «እንዲህ ያለ ቀይ በመላው ባሌ ያለው አንድ ጣሳ ውስጥ ነው። ቁልፉ እኔ ጋር ነው፤ ብሩሹ አንተ ጋር።»

«የስፌት ቀለም ነው ጓድ። ሲሠራ አይቻለሁ።»

«ማን ሲሠራ አየህ?»

ከአፌ አመለጠኝ። ከዚህ በኋላ መምህሩን አልጠራም ብል ዋጋ የለውም፤ ሥዕሉ የማን እንደሆነ ባለሱቁን ጠይቆ ደርሶበታል። «ነገ ሦስታችንም ሮቤ እንሄዳለን» አለ። «ቀዩ የቀበሌው ከሆነ የሰጠኸው አንተ ነህ፤ ግድግዳውም የአንተ ነው። ካልሆነ ደግሞ እናያለን።»

በቀበሌው መኪና ሄድን። መምህሩ ከኋላ ከኔ ጎን ተቀምጦ መንገዱን ሁሉ የስንዴውን ማሳ ሲያይ ነበር። እኔ ደግሞ እሱን። ይህ ሰው የተላከብኝ ከሆነ የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው፤ ሱቁ ስንደርስ «አዎ፣ ከሱ ነው የወሰድኩት» ይላል፤ በቃ። ሊቀ መንበሩ ከፊት ሆኖ ከሹፌሩ ጋር ያወራል። ከትናንት ጀምሮ ከሮቤ ወደ ጎባ መግቢያ ባለው ኬላ የተሳፋሪ እጅ እየታየ ነው ይለዋል፤ ቀይ ቀለም ፍለጋ፣ መዳፍም ጥፍርም። ይህን የፈለሰፈው እሱ ራሱ ሳይሆን አይቀርም፤ ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበር።

ሐጂ ሽማግሌ ናቸው። ሱቃቸው ጨው፣ ላምባ፣ ሚስማር፣ የፈረስ ልጓም፣ የስፌት ቀለም ይሸጣል። «አካም ጅርቱ፣ ኮታ፣ ግቡ፣ ግቡ» እያሉ ተቀበሉን። ሊቀ መንበሩ ሰላምታውን ሳይጨርስ ወደ ግድግዳው አመለከተ።

ቁራው እዚያ ነበር። አስቀድሜ አላየሁትም፤ ያቺ ስገባ የምትገለበጥ ጣውላ የእሱ ሳትሆን አትቀርም። ከላይ እስከ ታች ቀይ። አንድ ወጥ ቅርጽ፤ ወፍራም መንቆር፣ ጎበጥ ያለ ጀርባ። ከማጅራቱ ላይ ብቻ አንዲት ነጭ ክፍተት ተትታለች፤ የኛ አገር ደጋ ቁራ ያቺ ነጭ አለችው፤ ሳነቴ የወጣ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ከዚያች ነጭ በቀር ቁራ መሆኑን የሚናገር ነገር የለውም። እሷ ግን በቂ ናት። አንድ አፍታ የመጣሁበትን ረሳሁ።

«ይህን ማን ሰቀለው?» አለ ሊቀ መንበሩ።

«እኔ ነኛ። ሱቁ የኔ አይደል?» አሉ ሐጂ።

«እርስዎ ሙስሊም አይደሉም እንዴ ሐጂ? ሥዕል ይሰቅላሉ?»

«ዓይን የለውም» አሉ። «ዓይን ቢኖረው አልሰቅለውም ነበር። በፍርድ ቀን ሠሪው ነፍስ ስጥ ተብሎ የሚጠየቅበት ዓይን ያለው ነው። ይህ ልጅ እኛን አክብሮ ዓይኑን ተወው፤ አላህ ይስጠው።»

መምህሩ አፉን ሊከፍት ሲል አየሁት። ከዚያ ተወው። ሐጂ የሰጡትን ክብር ማረም አልፈለገም፤ ወይም እዚያ ቦታ ላይ እንዲህ መታየቱ ይጠቅመዋል።

«አክብሮ ነው?» አለ ሊቀ መንበሩ። «ወይስ ቀይ ወፍ ዓይነ ስውር ነው ለማለት ነው? ጓድ መምህር፣ ይህ ነገር ምንድን ነው?»

«ቁራ ነው።»

«ቁራ ቀይ ነው?»

ሐጂ ጣልቃ ገቡ። «ጥቁርም ነበረኝ እኮ። ቀይ ስጡኝ ያለው እሱ ነው።»

ሐጂ መዋሸት የሚያውቁ አይመስሉም፤ ያን ቀን ግን ምነው በዋሹ አልኩ።

ሊቀ መንበሩ ወደ ግድግዳው ተጠጋና ቁራው ላይ ጣቱን አሻሸ። ደረቅ ነው፤ አልለቀቀም። ጣቱን ለኔ አሳየኝ። «የስፌት ቀለም ነው ያልከኝ ይህን ነው? ይህ የዘይት ቀለም ነው። የኛ ነው።» የቀበሌው መኪና ደጅ ቆሟል፤ ሹፌሩ ሞተሩን አላጠፋም።  ያ ብሩሹን ያወረሰኝ ልጅ ሲጠራ የለበሰውን ካፖርት እንኳ አስታውሳለሁ፤ ቁልፎቹን አስተካክሎ ነበር የወጣው። እጄ ወደ ኮቴ ቁልፍ ስትሄድ አየኋትና መለስኳት።

መምህሩ ነው የተናገረው። «ሐጂ፣ ውሃ ይኖርዎታል?»

«ለውዱእ ያስቀመጥኩት አለ» አሉና ከባንኮኒው ሥር ለሶላት የሚታጠቡበትን ማንቆርቆሪያ አወጡ።

መምህሩ መዳፉን ዘርግቶ አስቀዳ። ወደ ቁራው ሄደ። ያን ወፍራም መንቆር ትንሽ አየው፤ ከዚያ ውሃ የሞላ መዳፉን ጀርባው ላይ ለጥፎ ተጫነ። ወዲያው ምንም አልሆነም። እጁን ሲያነሣ ቀዩ መሸሽ ጀመረ። ከጀርባው ወደ ጅራቱ፣ ከጅራቱ ወደ ነጩ፣ ከነጩ ወደ ግድግዳው ጭቃ። በማጅራቱ ያለችው ነጭ መጀመሪያ ጽጌረዳ ሆነች፤ ከዚያ ጠፋች። ቁራ አልነበረም፤ ቀይ ውሃ ነበር።

«የዘይት ቀለም በውሃ አይሄድም» አለ መምህሩ። «ልጁ ያለው እውነት ነው። ከሱ ምንም አልወሰድኩም።»

ሐጂ «ሱብሃነላህ» አሉ፤ ቀስ ብለው፣ ሰው ለሞተ እንደሚባለው።

ሊቀ መንበሩ የሚፈሰውን ቀይ በጣቱ ነካው። አሸተተው። ጣቱን መሐረቡ ላይ ጠረገ፤ መሐረቡም ቀላ። ከዚያ ወደኔ ዞረ። «አንተ ገጣሚ አይደለህ? ንገረኝ እስቲ። ቀይ ወፍ፣ ዓይን የለውም፣ ውሃ ሲነካው ይፈሳል። ይህ ምን ማለት ነው?»

ለሁሉ ነገር ትርጉም መስጠት የማውቅበት ነበር። በስብሰባ ርግብ ሲሉኝ ሰላም እል ነበር፤ ፀሐይ ሲሉኝ ሌላ እል ነበር። ያን ጊዜ ሦስት ትርጉም በአፌ መጣ፤ ሦስቱም መምህሩን ያስገድሉታል። «ምንም ማለት አይደለም ጓድ» አልኩ። «ቁራ ነው። ስፌትም እኮ ውሃ ሲነካው ይለቃል።»

ለረጅም ጊዜ አየኝ። «ምንም የማይል ነገር የለም» አለ በመጨረሻ። ከዚያ ለሐጂ፣ «አውርዱት» አላቸው።

«ምኑን ላውርድ? አልቆ» አሉ ሐጂ፣ ጨርቅ ፈልገው ግድግዳውን እየጠረጉ። የተረፈውን ውሃ በመምህሩ እጅ ላይ አፈሰሱለት። ታጠበ፤ ደግሞ አፈሰሱለት፤ ደግሞ ታጠበ።

ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ስላለው ሮቤ ቀረ። እኛን በአውቶቡስ ተመለሱ አለን። እንዲህ ነጻ ወጣሁ። አውቶቡሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን።  አመሰግናለሁ ማለት ፈልጌ ነበር፤ ግን አመሰግናለሁ ማለት ወንጀል እንደነበረብኝ ማመን ይመስላል።

«ጣውላው አለ» አለኝ ሳልጠይቀው። «ሌላ አትማለሁ።»

«እንደሱ አይሆንም» አልኩ።

«አይሆንም» አለ። «እያንዳንዱ ትንሽ ይለያል።»

እጁን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ነበር። መዳፉ ከስፌት ቀለሙ የተነሣ ጽጌረዳ መስሏል፤ አክርማ የነከሩ ሴቶች እጅ ለቀናት እንደዚያ ይሆናል። ዓይኔን ላነሣ ስል ግን አንድ ሌላ ነገር አየሁ። በአውራ ጣቱ ጥፍር ጥግ፣ ቆዳውና ጥፍሩ በሚገናኙበት፣ ደረቅ ቀይ ቅርፊት አለ። አልፈሰሰም። ሁለት ጊዜ ታጥቦ አልፈሰሰም። የስፌት ቀለም ቆዳ ውስጥ ይሰርጋል እንጂ ቅርፊት አይሠራም። ቅርፊት የሚሠራው ምን እንደሆነ የማውቀው ከማንም በላይ ነው፤ በላምባ ሳሸው የምውለው፣ የማይለቀኝ፣ የኔም ጥፍር ጥግ ያለው ነው።

የትምህርት ቤቱን በር ቀብቶ ሊሆን ይችላል። ወንበር ቀብቶ ሊሆን ይችላል። ትምህርት ቤቱ ቀይ ቀለም ካለው ግን ያን ዕለት ወደኔ ለምን መጣ? ጣሳው ክፍት መሆኑን፣ የዕቃ ቤቱ መስኮት ሰባራ መሆኑን በዚያች አጭር ጊዜ አይቷል። እና ቁራውን ያፈሰሰው ለማን ነው? ግድግዳው ላይ የጻፈ ሰው ቀዩ የሚፈስ መሆኑ በሰው ፊት ሲረጋገጥለት፣ የሚድነው እኔ ብቻ ነኝ? ሊነግረኝ ይችላል፤ ብጠይቀው። ጠይቄው ቢነግረኝ ደግሞ ያወቅኩ እሆናለሁ።

ኬላው ላይ አውቶቡሱ ቆመ። «ውረዱ። እጅ» አለ ጥበቃው። ተራ በተራ ይወርዳሉ፤ መዳፍ፣ ከዚያ ገልብጠው ጥፍር። ከፊታችን ያለ ገበሬ እጁን አሳይቶ «ጭቃ ነው ጌታዬ» አለ፤ ጥበቃው ሳቀ።

መምህሩ ከኔ በስተኋላ ነበር። እጁን ካፖርቱ ኪስ አስገብቶታል። ፊቱ ላይ ምንም የለም፤ እንደ ወፎቹ ነው።

የኔ ቀይ ፈቃድ ነበረው። የቀበሌ መታወቂያዬን አወጣሁና ሁለት እጄን ዘረጋሁ፤ እስከ አንጓዬ ድረስ የበዓሉ ቀለም አለብኝ። «መፈክር ጸሐፊ ነኝ። ከሊቀ መንበሩ ጋር ነበርን» አልኩ። ከዚያ ወደ ኋላ ሳልዞር፣ «እሳቸውም ከኔ ጋር ሲቀቡ የሰነበቱ ናቸው፤ የበዓሉን ሰሌዳ ያግዙኛል» አልኩ።

 ከዚያ የመምህሩ እጆች ቀስ ብለው ከጎኔ ወጡ፤ ከኔ እጆች አጠገብም ተዘረጉ።

ጥበቃው አጎነበሰ። የኔን አውራ ጣት አየ። የሱን አየ። ተመልሶ የኔን አየ።

«አንድ ዓይነት ነው» አለ፤ ቀና ብሎም መታወቂያዬን መለሰልኝ። «እለፉ።»

መምህሩ እጁን ሰብስቦ ወደ አውቶቡሱ ወጣ። እኔ ተከትዬው ለመውጣት ጥቂት ጊዜ ፈጀብኝ። ስገባ በመስኮቱ በኩል ያለውን ቦታ ለቆልኛል።